ሾፌር ጽዋ አይቀበልም

የባሌ አባት ሂዴማ በመንደራችን ኅብረት ሱቅ በር ላይ የቆመውን የለስላሳ መሸጫ ማሽን በመኪናቸው ገጭተው ያጋደሙ ዕለት፣ ወርደው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ማሽኑን መስደብ ነበር። «ማን እዚህ ገተረህ?» አሉት። ማሽኑ እኔ ወደዚህ ቤት ሳገባ ጀምሮ እዚያው የቆመ ነው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። ነገር ግን ጠዋት ጠዋት ልጆች በዚያ በር በኩል ወደ ትምህርት ቤት ያልፋሉ፤ እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር የሚታየኝ ማሽኑ ሳይሆን ቢጫ ባርኔጣቸውን ያደረጉት ሕፃናት ናቸው።

ሂዴማ ሰማንያውን አልፈዋል። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካትሱኦ የሚባለውን ዓሣ በቀርከሃ ዘንግ ከባሕር እየነቀሉ መርከብ ላይ ሲጥሉ የኖሩ ናቸውና ክንዳቸው ዛሬም ብረት ነው። ዓይንና እግራቸው ግን የክንዳቸውን ያህል አልታመኑላቸውም። መንጃ ፈቃድዎን ለፖሊስ ይመልሱ ብዬ ያልለመንኩበት ቀን የለም። ጆሮ ዳባ ልበስ አሉኝ። ባሌ ናኦታካ እንደሆነ አባቱን ፊት ለፊት ከሚናገር የዓሣ እሾህ ቢውጥ ይመርጣል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። የእኛ ሰውዬ ደግሞ ሞኝ ሳይሆኑ ነው የያዙትን አልለቅም ያሉት፤ የባሰውም ይኸው ነው።

እኔም ብሆን ቀላል ሰው አይደለሁም። በእኛ በቶሳ አገር ሴት ልጅ ግትር ናት ይባላል፤ ስሙን ካወጡልን አይቀር እንጠቀምበት ብዬ ቅዳሜ እራት ላይ ነገሩን አነሣሁ።

«አባባ፣ ውርርድ እንግባ» አልኳቸው።

«ምን ዓይነት ውርርድ?»

«ነገ በራስዎ መኪና ሁላችንንም ባሕር ውስጥ እስከገባው እስከ አሺዙሪ ጫፍ ወስደው ይመልሱን። እኔ አጠገብዎ እቀመጣለሁ። በመንገድ ላይ አንድ ጊዜ እንኳ በድንጋጤ ከጮህኩ፣ ሰኞ መንጃ ፈቃዱን ይመልሳሉ። ካልጮህኩ ግን አፌን እዘጋለሁ። ሁለተኛ ስለ መኪና ቃል አልተነፍስም።»

መመገቢያ እንጨታቸውን ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና አዩኝ። «ሆን ብለሽ ብትጮኺስ?»

«እኔን እንደዚያ ነው የሚያውቁኝ?»

«አይደለም» አሉ። «ክፉ ነሽ እንጂ ውሸታም አይደለሽም።»

ልጃችን ሳዮ ከስልኳ ላይ ቀና አለች። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ምላሷ ግን ከእኔ ይበልጣል። «እማዬ ናት ቀኑን ሙሉ አፏን ዘግታ የምትውለው? አያቴ፣ በቃ አሸንፈሃል!» አለች። ናኦታካ ብቻውን ሩዙን አቀርቅሮ ይበላ ነበር።

ጠዋት ስንወጣ ሳዮ ከመኪናው ኋላ ለጥፋው የነበረው ባለ አራት ቅጠል ምልክት ተልጦ የለም። አሽከርካሪው ሽማግሌ ነውና ተጠንቀቁ የሚለው ምልክት ነው። ማን እንደላጠው ማንም አልጠየቀም። ሂዴማ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው፣ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው እንደ ሙሽራ ተቀምጠዋል። በእኛ አገር መሪው በቀኝ ነውና እኔ በግራ፣ በባሕሩ በኩል፣ መቀነቴን አጥብቄ ተቀመጥኩ። ባልና ልጅ ከኋላ ናቸው። ለመንገድ የያዝኩት አንድ ከረጢት ገና አረንጓዴ የሆነ መንደሪን ነው።

የጥቅምት ባሕር ያምራል ይላሉ። እኔ ያን ቀን አላየሁትም። ዓይኔ ከአስፋልቱ፣ ከስፖኪዮውና ከአማቴ ቀኝ እግር ላይ አልተነቀለም። እግራቸው ወደ ፍሬን ሲሄድ የእኔም እግር አብሮ ይረግጣል። ከኋላ ሳዮ «ዋው፣ ውሃውን እዩ! እማዬ፣ ዓለቱን አየሽው?» ትላለች፤ «አየሁ» እላለሁ፤ ያየሁት ከፊታችን የሚሄደውን ብስክሌት ነው። ናኦታካ የሺማንቶን ወንዝ ስንሻገር መስኮቱን ከፍቶ ለረጅም ጊዜ ተነፈሰ። መንገድ ዳር ካለው ገበያ ቆመን የወንዝ ሣር በሊጥ ነክረው በዘይት የጠበሱትን በወረቀት ጠቅልለው ሸጡልን፤ ሲበሉት አፍ ውስጥ ይንኮሻኮሻል፣ የባሕርም የጭቃም ሽታ አለው፤ እኔ እወደዋለሁ። ሂዴማ አንድ ነከሱና እጃቸውን በመሐረብ ጠርገው «ዘይት መሪውን ያሟልጨዋል» ብለው ሁለተኛ አልነኩም። እሱን ሳይ እኚህ ሰው የምር ሊያሸንፉኝ ነው የመጡት አልኩ በሆዴ።

ጉዱ የመጣው ጫፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር ነው። እዚያ መንገዱ ይጠባል፤ በአንድ በኩል ጫካ የተንጠለጠለበት ድንጋይ፣ በሌላው በኩል ገደል። ኩርባውን ስንዞር ነጭ በነጭ የለበሱ ተሳላሚዎችን የጫነ አውቶቡስ ከአፍንጫችን ሥር ቆሞ አገኘነው። ጫፉ ላይ ያለውን ቤተ መቅደስ ተሳልመው እየተመለሱ ነው። የአውቶቡሱ ሾፌር እጁን አውጥቶ በትሕትና ወደ ኋላችን አመለከተ። መመለስ ያለብን እኛ ነን።

ሂዴማ ማርሹን ወደ ኋላ አስገቡ። አንገታቸው እንደ ድሮው ስለማይዞር በስፖኪዮ ብቻ እያዩ፣ መኪናዋን ወደ እኔ በኩል፣ ወደ ገደሉ፣ ቀስ እያሉ ይወስዷት ጀመር። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚለው ተረት ለካ ለበሬ ብቻ አይደለም። በመስኮቴ ወደ ታች ሳይ መሬት የለም፤ ነጭ አረፋ ብቻ ነው። ጩኸቱ ከሆዴ ተነሥቶ ጉሮሮዬ ደረሰ። አንዱን መንደሪን ላጥኩና እንዳለ አፌ ውስጥ ወተፍኩት። ጎማችን ጠጠር ረገጠ። ሌላ መንደሪን ጨመርኩ።

መኪናዋ ቆመች። አውቶቡሱ በእኛና በድንጋዩ መካከል ወረቀት በማያሳልፍ ክፍተት እየተንፏቀቀ አለፈ። አንዲት ተሳላሚ ባልቴት በመስኮቱ በኩል መዳፎቿን ገጥማ ሰገደችልን።

«ጮኸች?» አሉ ሂዴማ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ።

«መንደሪን እየበላች ነው አያቴ» አለች ሳዮ። «ሁለት በአንድ ጉርሻ! እማዬ፣ ሊያንቅሽ ነው እኮ!»

ናኦታካ ከኋላ ጀርባዬን መታ መታ አደረገልኝ። እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ እኔ ብሆን ያን ያህል በንጽሕና ወደ ኋላ አልመልሳትም ነበር። ይህን ግን ለእሳቸው አልነገርኳቸውም።

አሺዙሪ ጫፍ ላይ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረግን። ቅጠላቸው የሚያብለጨልጭ ዛፎች ከላይ ተጋጥመው ዋሻ በሠሩበት መንገድ አለፍን፤ ከነጩ የመርከብ መብራት ማማ ሥር ፎቶ ተነሣን፤ መመልከቻው ላይ ወጥተን ባሕሩ ዳርና ዳሩ ጎበጥ ሲል አየን። ናኦታካ ፎቶ ባነሣን ቁጥር አንድ ሰው ዓይኑን ይጨፍናል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ነው። ሂዴማ ከዘራቸውን ተደግፈው አጥሩ ላይ ቆሙና በጣታቸው ወደ ደቡብ አመለከቱ።

«ከዚያ መስመር ወዲያ ነው የምንሠራው» አሉ ለሳዮ። «እኔና ኢኖኪቺ መርከቡ አፍንጫ ላይ ክንድ ለክንድ ተነካክተን ነበር የምንቆመው። የእሱ ክርን እዚህ ጋ ነው የሚመታኝ፤ ሠላሳ ዓመት።» የጎናቸውን አጥንት ነኩላት።

«ኢኖኪቺ ደግሞ ማናቸው?»

«የአያትሽ ጓደኛ ናቸው» አለ ናኦታካ። «ልጅ ሳለሁ ቤት ይመጡ ነበር። አሁን በሕይወት አሉ እንዴ አባባ?»

ሂዴማ ጣታቸውን ከባሕሩ መለሱ። «ስንመለስ ኢኖኪቺ ቤት ጎራ ብለን ካትሱኦ እንበላለን» አሉ። «በዚህ ወቅት ከሰሜን ባሕር የሚመለሰው ካትሱኦ ጮማ ነው። እሱን ሳይበላ ከዚህ ባሕር ዳር ወደ ቤቱ የሚገባ ሰው፣ ሰው አይደለም።»

ምሳ የበላነው ወደቡ ዳር ነው። የዚያ አገር ሰው ማኬሬል የሚባለውን ዓሣ በጥሬው ይበላል፤ ሌላ ቦታ ቢሆን ሆድ ያሳምማል፣ እዚያ ግን ዓሣው ከነሕይወቱ ምግብ ቤቱ ይገባና ቢላ ሲያርፍበት ሥጋው ገና ይንቀጠቀጣል። ጣፋጭ የአኩሪ አተር ድልህ እያጠቀስን፣ የአረንጓዴ ሎሚ ልጣጭ ፈርፍረንበት በላን። ሳዮ የእኔንም ድርሻ ጨረሰችው። ናኦታካ ሳኬ የሚባለውን የሩዝ መጠጥ አዘዘ።

«አንተ ዛሬ ሻንጣ ነህ» አልኩት። «ሻንጣ አይጠጣም።»

«ሻንጣ አይነዳም ደግሞ» አለና ቀዳ።

ሂዴማ የገብስ ሻያቸውን ይዘው የልጃቸውን ሲኒ አዩ፣ ከዚያም ዓይናቸውን ወደ መርከቦቹ መለሱ። ይህ ለእሳቸው ቀላል አይደለም። እኛ አገር ሰው ለብቻው አይጠጣም። አንዱ ጽዋውን ጨልጦ፣ ሞልቶ ለሌላው ይሰጣል፤ ያ ደግሞ በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ፣ ሞልቶ ለሰጠው ሰው ይመልሳል። አንዲት ጽዋ ናት ከእጅ እጅ የምትመላለሰው። የተዘረጋ ጽዋ አልቀበልም ማለት አላውቅህም ማለት ነው። ከዚህ ግዴታ ነጻ የሚወጣው ሾፌር ብቻ ሲሆን፣ እሱም ሕጉ ስለጠበቀ እንጂ ሽማግሌዎቹ ዛሬም ያጉረመርሙበታል። ሂዴማ በዕድሜያቸው ጽዋ እምቢ ብለው አያውቁም ነበር ይሉኛል የመንደሩ ሰዎች።

በመልስ ጉዞው ተናደድኩ። ለምን ብትሉኝ፣ ሰውዬው በደህና ስለሚነዱ ነው። ባሕሩ አሁን በእሳቸው በኩል ነው፤ ፀሐይ ታጋድላለች፤ እሳቸው መስመራቸውን ይዘው፣ ለእግረኛ እየቆሙ፣ ለሞተር ብስክሌት እየለቀቁ እንደ መኪና አስተማሪ ይሄዳሉ። መንደሪኑ አልቋል፤ የሚያስጮኽም ነገር የለም። ከቤታችን የሚለየን የአንድ ሰዓት መንገድ ያህል ብቻ ነው። ነገ ሰኞ እኚህ ሰው በድል ተነሥተው በኅብረት ሱቁ በር ሲያልፉ ይታየኛል። አንድ ቀን መጠንቀቅና ሁልጊዜ መጠንቀቅ አንድ አለመሆኑን ውርርዱን ስገባ አላሰብኩትም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ማለት ይኸው ነው፤ የእኔ አፍ ያመለጠው ቅዳሜ ማታ ነው።

የኢኖኪቺ ቤት ከዓሣ ወደቡ ግድብ ጀርባ ነው። ፊት ለፊቱ ትንሽ ምግብ ቤት ነው፤ ልጃቸው ፉሳኤ ትሠራበታለች። ገና ከመኪና ሳንወርድ የገለባ ጭስ ሸተተን። ፉሳኤ ደጅ ላይ በብረት በርሜል ውስጥ የሩዝ ገለባ አንድዳ፣ ነበልባሉ ከራሷ በላይ ወጥቶ፣ የካትሱኦውን ሥጋ በብረት ሹካ ላይ አድርጋ እሳቱ ውስጥ ታገላብጣለች። ፊቷ ቀልቷል። እኛን ስታይ ሹካውን እንደያዘች ጎንበስ አለች።

«አጎቴ ሂዴማ! ምነው፣ ዛሬ ሐሙስ ነው እንዴ?»

እኔና ናኦታካ ተያየን። «ሐሙስ?» አልኩ።

«ሐሙስ ሐሙስ ነዋ የሚመጡት።»

ሐሙስ ሐሙስ አማቴ ጌትቦል የሚባለውን የሽማግሌዎች የኳስ ጨዋታ ለመጫወት ወደ ጎረቤት መንደር እሄዳለሁ ነበር የሚሉን። መምቻ መዶሻቸውን ጭነው ነው የሚወጡት፤ ስንት ጊዜ እኔ ራሴ ጭቃውን ጠርጌላቸዋለሁ! ቀና ብዬ ሳያቸው ጫማቸውን አውልቀው ገቡ።

ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ ዝቅ ባለች ጠረጴዛ ፊት አንድ ቀጭን ንጹሕ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ ኢኖኪቺ ናቸው። ፊታቸው አንዲት የሳኬ ማንቆርቆሪያና አንዲት ጽዋ አለች። ሂዴማ ፊት ለፊታቸው ተቀመጡ። እኛም በየቦታችን ሰገድን፤ ሽማግሌው በጨዋ ደንብ መለሱልን፤ ማን መሆናችንን ግን አልጠየቁም። ከዚያ ጽዋዋን ጨለጡና ሞልተው ወደ ሂዴማ ዘረጉ።

«እንግዳ፣ እንካ።»

ሂዴማ በሁለት እጃቸው ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ። «ይቅርታ። መኪና ይዣለሁ።»

የኢኖኪቺ ፊት ላይ የነበረው ብርሃን ጠፋ። «እንዲህ ነው?» ብለው ጽዋዋን ወደ ራሳቸው መለሷት።

ካትሱኦው መጣ። ላዩ ጠቁሮ ጭስ ጭስ ይሸታል፣ ውስጡ ቀይ ነው፤ ጣት በሚያህል ውፍረት ተቆርጦ፣ ጥሬ ነጭ ሽንኩርትና ጠጣር የባሕር ጨው ተደርጎበታል፤ ገና ትኩስ ነው። ሳዮ በሁለት ጉርሻ ዓይኗ ፈጠጠ። እኔ ልበላ እንጨቴን ሳነሣ ኢኖኪቺ እንደገና ቀና አሉ። ሂዴማን አሁን ገና ያዩአቸው ይመስል ፊታቸው በራ።

«ወንድሜ፣ ከወዴት ነህ? የካትሱኦ ሰው ክንድ አለህ። ታውቃለህ፣ ሂዴማ የሚባል ጓደኛዬን ትመስላለህ! እንካ ጠጣ።»

«መኪና ይዣለሁ።»

«እንግዲያስ ሂዴማ አይደለህም» አሉ ኢኖኪቺ፤ ወደ እኛም ዞረው፣ በዚህ እንግዳ አብረናቸው እንድንስቅ እንደ መጥቀስ አደረጉን። «ሂዴማ ጽዋ እምቢ አይልም።»

ናኦታካ መመገቢያ እንጨቱን ቀስ ብሎ አስቀመጠ። እኔ ተነሥቼ ፉሳኤን ላግዛት ብዬ ወደ ማድ ቤት ገባሁ። ጀርባዋን ሰጥታኝ ሽንኩርት ትከትፋለች።

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆኑት?» አልኳት።

«ካመመው ቆየ። አጎቴን መለየት ካቆመ ግን ዓመት ሊሞላው ነው። በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ በየሳምንቱ መኪና ይዣለሁ ይላሉ፤ በየሳምንቱ አባቴ ሂዴማ አይደለህም ይላቸዋል። ከዚያ ተሰናብተው ይሄዳሉ፣ በሳምንቱ ተመልሰው ይመጣሉ። አንድ ቀን እንኳ ደከመኝ ሲሉ አልሰማሁም።»

«በባቡር አይመጡም ነበር?»

«አላልኳቸውም መሰለሽ? ከጣቢያው እናንተ መንደር ድረስ አውቶቡሱ ከቀረ በምን ይገባሉ? ያን ዳገት በዚያ እግር? ልጆቼ ያድርሱኝ አይሉም። ለመጠጥ አመላልሱኝ ብዬ የሰው ፊት አላይም ነው የሚሉት።»

ቀኑን ሙሉ የተሸከምኩት ንዴት የት እንደገባ እንጃ። ያ ሁሉ እልህ፣ ያ ሁሉ ወረቀቱን አልለቅም ባይነት፣ እዚህች ጠረጴዛ ፊት መጥቶ አላውቅህም ለመባል ነበር። መኪናዋ ነች የምታመጣቸው፤ አላውቅህም የምታሰኛቸውም እሷው ነች። ልናገራቸው ቆርጬ ወጣሁና አጠገባቸው ተንበረከኩ።

«አባባ፣ እኔ አልጠጣሁም» አልኳቸው በሹክሹክታ። «እኔ እነዳለሁ።»

«ዝም በይ» አሉኝ። «አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ።»

«አባባ…»

«ልታሸንፊኝ ነው ኋላ ላይ? አልሆነም። ቤት አደርሳችኋለሁ ብያለሁ፣ አደርሳችኋለሁ።»

ይህን ጊዜ እንደ ልጅ ትከሻቸውን ይዤ ባነቃንቃቸው ደስ ባለኝ። ሳዮ ስልኳን አስቀምጣ ሁለቱን ሽማግሌዎች ታያለች።

ኢኖኪቺ መስኮቱን ሲያዩ ቆዩ። የባሕር ወፎች ግድቡ ላይ ተሰልፈዋል። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሂዴማን አዩ፤ ለሦስተኛ ጊዜ ያ ብርሃን መጣ። ምንም አልቀነሰም። ጽዋዋን እስከ አፏ ሞልተው፣ አንድም ጠብታ ሳያፈሱ ዘረጉ።

«ወንድሜ» አሉ። «አንድ ብቻ።»

ሂዴማ ጽዋዋን አዩ። በመስኮቱ በኩል ደጅ የቆመችውን መኪናቸውን አዩ። ጠዋት በጨርቅ ወልውለዋት ነበርና በማታው ፀሐይ ታበራለች። ከዚያ ኪሳቸው ገቡና ቁልፉን አውጥተው፣ ወደ እኔ ሳያዩ፣ በጠረጴዛው ላይ ገፍተው እጄ ሥር አደረሱት።

ፉሳኤ ሳህን ይዛ በር ላይ ደርቃ ቀረች። «አጎቴ! መኪናውስ?»

«የእኔ አይደለም» አሉ ሂዴማ።

ጽዋዋን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው በአንድ ትንፋሽ ጨለጧት። ባዶ መሆኗን ሊያሳዩ ደፋ አደረጓት። ከዚያ ማንቆርቆሪያውን አንሥተው እስከ አፏ ሞሉና መለሱላቸው። ኢኖኪቺ ተቀበሉ። ጽዋዋን አዩ፣ የሰጣቸውን እጅ አዩ፣ ክንዱን ተከትለው ቀስ እያሉ እስከ ፊት ወጡ።

«ሂዴማ!» አሉ።



«አንተ ከንቱ! መቼ መጣህ? ምነው እንዲህ ጠፋህ? ዓመት ሙሉ?»

«መንገድ ላይ ነበርኩ» አሉ ሂዴማ።

ከዚያ በኋላ እኛን የሚያስታውስ አልነበረም። ኢኖኪቺ ሐኪሙ አንድ ጽዋ ብቻ የፈቀደላቸው መሆኑን ለሂዴማ ነገሯቸው፤ ጽዋዋ ራሷ አንድ ስለሆነች ሕጉ አልተጣሰም ብለው ሳቁ። ፉሳኤ ግን ብልኅ ናት፤ ማንቆርቆሪያውን ስትሞላ ከአንድ ጉንጭ አታሳልፍም። የሞተ ካፒቴናቸውን አነሡ፣ ማዕበል ውስጥ የጠፋው ባርኔጣ የማን እንደሆነ ተከራከሩ፣ ክርን ለክርን ተጎሻሸሙ። በመሐል ኢኖኪቺ ጠጋ ብለው ምስጢር እንደሚያወራ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ስማ፣ እዚህ አንድ ሰውዬ ይመጣል። ቁርጥ አንተን ነው የሚመስለው። ደረቅ ሰው! ጽዋ ስትሰጠው መኪና ይዣለሁ ይልሃል።»

«ማነው እሱ?»

«እኔ ምን አውቄ። የማይረባ ነው።» ኢኖኪቺ አንድ ቁራጭ ካትሱኦ ከሳህኑ አንሥተው ለሂዴማ አጎረሷቸው። «ግን አይቀርም። ይሄን አልነሣውም፤ ዝናብ ቢዘንብም አይቀርም።»

ሂዴማ ሳቁ። እየሳቁ ዓሣውን አኘኩ፤ እንባቸው ግን ጉንጫቸው ላይ ወረደ፣ አልጠረጉትም። ናኦታካ ተነሥቶ መጸዳጃ ቤት ልሂድ ብሎ ወጣ። እኔ ግን የትም አልሄድኩም፤ እዚያው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ሳዮ መሐረብ ሰጠችኝ፤ ለአንዴ እንኳ የሹፈት ቃል አልወጣትም።

ልንሄድ ስንነሣ ኢኖኪቺ በር ድረስ ሸኙን። «ሂዴማ፣ እንዳትጠፋ» አሉ። ሂዴማ ጎናቸውን በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው። ያ ነበር ስንብታቸው።

እኔ መሪው ጋ ገባሁ። ሂዴማ በእኔ ቦታ፣ በግራ በኩል ተቀምጠው መቀነታቸውን ሲፈልጉ ቆዩ፤ በዚያ በኩል ተቀምጠው ስለማያውቁ እጃቸው የተሳሳተውን ጎን ነው የሚዳብሰው። ጎትቼ አሰርኩላቸው። ወንበሩን ለቁመቴ አስተካከልኩ፣ ስፖኪዮውን ወደ ዓይኔ አዞርኩ።

«አልጮህሽም» አሉ ወደቡን እንደወጣን።

«አልጮህኩም።»

«እንግዲያው አሸንፌአለሁ።»

«አሸንፈዋል፣ አባባ። ለሰውም እናገራለሁ።»

«ተናገሪ። ነገ ደግሞ ፖሊስ ጣቢያ ታደርሺኛለሽ። ወረቀቱን እመልሳለሁ።»

«አሸነፉ አይደል እንዴ? ማን አስገደደዎት?»

«ማንም። አሸንፌ ያገኘሁትን ምን እንደማደርገው የምወስነው እኔ ነኝ።»

ከኋላ ናኦታካ አንቀላፍቷል፤ ሳዮ ጭንቅላቷን በሁለታችን ወንበሮች መካከል አስገብታ ታዳምጣለች። ባሕሩ በቀኜ በኩል ጠቆር እያለ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ቀን ዞር ብዬ አየሁት፤ ወዲያው «መንገድሽን እዪ!» ብለው ሂዴማ ጮኹብኝ። ሳዮ በሳቅ ፈነዳች።

ጥቂት ከሄድን በኋላ እንደገና ተናገሩ። «ነገ ሲነጋ ይረሳኛል።»

ምናልባት አይረሱዎትም ብዬ መዋሸት አማረኝ፤ ግን ውሸታም አይደለሽም ብለውኛል።

«አዎ» አልኳቸው። «ይረሱዎታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ መንገዱን ትክ ብለው እያዩ፣ ልክ የመርከብ ሥራ እንደሚያከፋፍል ሰው ተናገሩ።

«ስለዚህ ሐሙስ ደግሞ መጠጣት አለብኝ። ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው ከሥራ የምትወጪው?»

«በዘጠኝ ሰዓት።»

«በስምንት ውጪ» አሉኝ። «መንገዱ ረጅም ነው።»